አልተኛሁም ነበር

የማኅበራችን ሰዎች እንድዋሽ ሲለምኑኝ አንዳቸውም «ዋሺ» የምትለውን ቃል ከአፋቸው አላወጡም። «ተኝቼ ነበር በይ» ነው ያሉኝ። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ትራስ ሊያደላድሉልኝ የመጡ ይመስል። ያን ቀን ከሁሉ ይልቅ ያናደደኝ ያ ልስላሴ ነበር።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ሞጣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው፤ ሞጣ የገባሁት በምደባ ነበር፤ ባል አግብቼ፣ ሁለት ልጆች ወልጄ እዚያው ቀረሁ። በሰፈራችን አሥራ ሁለት ቤተሰብ ሆነን የሚካኤል ማኅበር ነበረን። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ጽዋው በየተራ በየቤታችን ይጠጣል። የንስሐ አባታችን መጥተው ይባርካሉ፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። እናት አባቴ ሩቅ ነበሩና ዘመዴ ያ ማኅበር ነበር። ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ፣ እናቴ ስታርፍ ቢቸና ድረስ አብረውኝ ሄደው ያለቀሱ እነሱ ናቸው።

ሹፌሩም የማኅበራችን ሰው ነበር። ከቢቸና ሞጣ የሚመላለስ አውቶቡስ ይነዳል። የመጀመሪያ ልጄን ሳምጥ ሁለት ቀን ሙሉ አልወለድ ብዬ አቅሜ ሲያልቅ፣ ሊነሣ የተዘጋጀውን አውቶቡስ ተሳፋሪውን አስወርዶ ባሕር ዳር ሆስፒታል ያደረሰኝ እሱ ነው። ባለንብረቱ ከሥራ ሊያባርረው እንደሚችል እያወቀ ነው ያደረገው። ልጄም እኔም እግዚአብሔር በእሱ እጅ ረድቶን ተርፈናል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው እንዳያስታውሰኝ ነው። አስታዋሽ አላስፈለገኝም። አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።

አደጋው በደረሰ ቀን አባቴን ጠይቄ ከቢቸና እየተመለስኩ ነበር። ሹፌሩ መናኸሪያው በር ላይ ሲያየኝ «መምህርት ከኋላ አትቀመጥም» ብሎ ጋቢና ከጎኑ አስቀመጠኝ። ጨዋታ ይዘን፣ ደብረ ወርቅን አልፈን፣ ጉንደ ወይንን አልፈን መጣን። የበጋ ወር ነው፤ መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበርና አቧራው ከፊታችን የሚሄደውን መኪና ይውጠዋል። ከፊታችን ሌላ አውቶቡስ ነበር። ገበያ የተፈታበት ሰዓት ስለሆነ መንገደኛው በየዳሩ ቆሞ መኪና ይጠብቃል፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይጭናል። ሹፌራችን ሊቀድመው ፈለገ።

«ቀስ በል እንጂ፤ ምንም አይታይም እኮ» አልኩት።

«አይዞሽ መምህርት፣ ይህን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» አለኝ፤ ጥሩንባውን ነፋና ወደ ግራ ወጣ።

ከአቧራው ስንወጣ ሰውዬው ፊት ለፊታችን ነበር። በግራ በኩል፣ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሟል። በቅሎው ጭነቷን እንደተሸከመች ከመንገዱ ውጭ ሣሩ ላይ ነች። ገመዷን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው አቧራውን ለመከላከል የኩታውን ጫፍ አፉ ላይ አድርጎ ነበር። ዓይኖቹን አየሁ። ቀጥሎ ያለውን አልጽፈውም።

አወቅሁት። ሞጣ ገበያ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ከጥንት ሞጣ ከኖሩት የእስላም ቤተሰቦች አንዱ። የልጆቼን ዩኒፎርም ጨርቅ የምገዛው ከእሱ ነበር። ከለካ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ጋት ይጨምርና «ልጁ ያድጋል፣ ታስረዝሚለታለሽ» ይለኝ ነበር።

ወንዶቹ ተሳፋሪዎች አንሥተው አውቶቡሱ ውስጥ አስገቡት። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ራሱን ጭኔ ላይ አደረግሁት። ሹፌሩ ፊቱ አመድ መስሎ በሩ ላይ ቆመና ወደ ተሳፋሪው ዞረ።

«በቅሎዋ ናት» አለ። «ደንብራ ጎትታ አስገባችብኝ። አይታችኋል አይደል?»

 ከመሐል አንድ ሽማግሌ «አዎን፣ በቅሎዋ ናት» አሉ። አንዲት ሴት ተቀበለቻቸው። አቧራውን እንኳ በመስኮት ያላዩ፣ ከኋላ ወንበር ላይ የነበሩ ሰዎች ስለ በቅሎዋ ማውራት ጀመሩ። ሞጣ እስክንደርስ ድረስ በቅሎዋ ዘልላ፣ ፈርጥጣ፣ ጌታዋን ይዛ መንገዱን ሁለት ጊዜ ተሻግራ ነበር። ያቺ ከሣሩ ላይ ያልተነቃነቀች ፍጥረት! ሰውዬው ከተማው ሳንደርስ ጭኔ ላይ ሞተ። ሌላው በበቅሎዋ ላይ ሲፈርድ መሞቱን ያስተዋለ እንኳ አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት ፖሊስ ተሳፋሪዎቹን ጠርቶ ቃል ሲቀበል እኔም ተጠራሁ። ያየሁትን ተናገርኩ፣ ፈረምኩና ወደ ክፍሌ ተመልሼ አስተማርኩ። ሌላ ነገር ማድረግ እችል እንደነበር እንኳ አላሰብኩም። ማሰብ የጀመርኩት በሦስተኛው ቀን፣ የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት አለቃችን፣ ከንስሐ አባታችንና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤቴ ሲመጡ ነው።

ሙሴው ብዙ ዙሪያ ከሄዱ በኋላ «እህታችን፣ ሟቹ እንደሁ አይመለስም» አሉ። «ይኸኛው ግን አራት ልጆች አሉት። አንቺ ደግሞ የእሱን ውለታ የምትረሺ ሰው አይደለሽም።»

«አልረሳሁም» አልኩ።

«እንግዲያው ፍርድ ቤት ስትጠሪ ተኝቼ ነበር በይ። መንገድ ያደክማል፣ ሰው ይተኛል። በማንም ላይ ክፉ አልተናገርሽም፣ በማንም ላይ አልመሰከርሽም።»

«መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ነው ተኝቼ ነበር የምለው?»

ሁሉም ወደ ንስሐ አባታችን ዞሩ። እሳቸውም መስቀላቸውን እያገላበጡ «ልጄ፣ ቤተሰብ እንዳይበተን ብለሽ ነውና እግዚአብሔር ልብሽን ያያል» አሉኝ።

«ዓይኔንም አይቷል አባታችን» አልኳቸው። «አልተኛሁም ነበር።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሡና በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው «ለእስላም ብለሽ የማኅበር ወንድምሽን ታሳስሪያለሽ?» አሉ። ያ ቃል እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ረቡዕና ዓርብ ጠብታ ወተት የማይቀምሱ ሰው ናቸው። ከትንሽነቴ ጀምሮ ዐሠርቱ ትእዛዛትን ያስተማሩኝ ሰዎች «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» ሲሉ ባልንጀራ ማን እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ሂደን ከመዝገብ እንድናጣራ አልነገሩኝም። ይህንኑ ነገርኳቸው። እግዚአብሔር ይስጥሽ ሳይሉኝ ወጡ።

ከጓዳው በር ሆኖ ሁሉን የሰማው ባሌ «ምን ነካሽ?» አለኝ። «እኛ እዚህ ከተማ መኖር አለብን እኮ።»

«እኔም እዚሁ መኖር ፈልጌ ነው» አልኩት።

በዚያው ሳምንት የሟቹ ወንድም ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ከዛፉ ሥር ቆመን አነጋገረኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ብዙ ያለቀሰ ሰው ነው። እውነቱን ለፖሊስ መናገሬን ሰምቶ ሊያመሰግነኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። አመሰገነኝም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ መምህርት። ጠጥቶ ነበር በዪልን። ሌሎቹ ሁሉ ለእሱ ነው የሚመሰክሩት፤ አንቺ ጠጥቶ ነበር ካልሽ ግን ቅጣቱ ይከብዳል። አንቺን ያምኑሻል።»

«አልጠጣም ነበር» አልኩት።

«በምን አወቅሽ?»

«ከቢቸና ጀምሮ ከጎኑ ነበርኩ። ሻይ እንኳ አልጠጣም።»

«ወንድሜን ገድሎታል!» አለ ጮክ ብሎ። ተማሪዎች ዞረው አዩን።

«ገድሎታል፤ እናገራለሁም። ያላደረገውን ግን አልጨምርበትም። የማምነው አምላክ ለአንተ ብዬ ብዋሽም ውሸት ነው የሚለው።»

እያለቀሰ ሄደ። እኔም ክፍል ገብቼ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ምን ልጽፍ እንደነበር ጠፍቶኝ ቆምኩ። በሁለቱም ወገን እውነቴን የሚፈልግ አንድም ሰው አልነበረም። ሁለቱም የፈለጉት ስሜን ነው። ዋሽታ አታውቅም መባሌን ለአንድ ቀን ተበድረው ሊዋሹበት። ይህ ሲገባኝ ፍርሃቴ ሄዶ በቦታው ንዴት መጣ። ደግ ንዴት ነበር፤ እስከ ፍርድ ቤቱ ቀን ድረስ ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ቢቸና ወደ አባቴ ሄድኩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቢቸና ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። ከቅኔ ቤት የወጣ ስለሆነ ቃል ያምርለታል፤ ገበሬው ሁሉ ከሩቅ አገር እሱን ብሎ ይመጣል። ልጅ ሳለሁ ምሳ ሳደርስለት ሰዎች ከግንቡ ጥግ ቆመው ምስክርነት ሲለማመዱ አይ ነበር። «እንዲህ ሲልህ እንዲህ በል» ይባባላሉ፤ ከዚያ ገብተው መጽሐፉን ይይዛሉ። አባቴ እነሱን እንደሚንቅ ነበር የማስበው። ስለዚህም «ልጄ፣ በርቺ» እንዲለኝ ነው የሄድኩት።

ነገሩን ሁሉ ሰማ። ከዚያ «ተዪው» አለኝ።

«አባባ! እርስዎ ነዎት ይህን የሚሉኝ?»

«እኔ ነኝ። የምነግርሽ ስለማውቀው ነው። እነዚያ ግንብ ጥግ የሚለማመዱት ሰዎች ነገሩን ከየት ያገኙት ይመስልሻል? ቃላቸውን አሳምሬ እያስተካከልኩ የምሰጣቸው እኔ ነበርኩ። እንጀራችሁ ነበር። ማንም አልፈረደብኝም፣ ማንም አልነካኝም። እውነት የተናገሩትን ግን አይቻለሁ። ጎረቤት እሳት ሲከለክላቸው፣ ለቅሷቸው ላይ ሰው ሲጠፋ አይቻለሁ።»

ስለ አባቴ የማውቀው ነገር በአንድ ጊዜ ፈረሰብኝ። ተነሥቼ ውጭ ወጣሁ። ከቤታችን በስተጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ብዙ ቆየሁ። ተመልሼ ስገባ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«እንዲህ ያበላኸን መሆኑን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር» አልኩት። በሕይወቴ ሙሉ እሱን «አንተ» ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «አሁን ግን ስላወቅሁ፣ እኔ ደግሞ ለልጆቼ ይህንኑ አላወርስም።»

አልተቆጣኝም። «እንዳልሽ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሳንሰነባበት ወደ ሞጣ ተመለስኩ።

የቀጠሮው ቀን የፍርድ ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። በአንድ ወገን የማኅበራችን ሰዎች ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ በሌላው የሟቹ ቤተሰቦች። የትኛው ጋ እንደምቀመጥ ጠፍቶኝ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ስሜ ሲጠራ ገባሁ። መጽሐፍ ቅዱሱን ይዤ ማልኩ። ዐቃቤ ሕጉ የት እንደተቀመጥኩ፣ ምን እንዳየሁ ጠየቀኝ። ተናገርኩ። አቧራውን፣ መቅደሙን፣ ሰውዬው የቆመበትን ጠርዝ፣ በቅሎዋ የቆመችበትን ሣር።

«ተከሳሹ መጠጥ ጠጥቶ ነበር?» አለኝ።

«አልጠጣም ነበር።»

ከሟቹ ቤተሰቦች ወገን ጉምጉምታ ተነሣ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። ቀጥሎ የሹፌሩ ጠበቃ ተነሣ።

«ወይዘሮ፣ ከተከሳሹ ጋር ጠብ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ሌሎቹ ተሳፋሪዎች በሙሉ ያላዩትን እርስዎ ብቻ ያዩት?»

«ከፊት የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ።»

«ደክሞዎት አንቀላፍተው ሊሆን አይችልም?»

ሹፌሩን አየሁት። ከተከሳሽ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ያየኛል። ያን ጊዜ፣ ባሕር ዳር መንገድ ላይ፣ ወደ ኋላ እየዞረ «አይዞሽ፣ ደረስን» ሲለኝ የነበረው ያው ፊት ነው። ፊቴን ወደ ዳኛው መለስኩ።

«ጌታዬ፣ ምጥ ይዞኝ ስሞት ከሞት ያተረፈኝ ይህ ሰው ነው» አልኩ። «በእሱ ላይ ለመዋሸት ምክንያት የለኝም፤ ለእሱ ለመዋሸት ግን ከዚህ አዳራሽ ሁሉ የበለጠ ምክንያት አለኝ። አልተኛሁም ነበር።»

ጠበቃው ተቀመጠ። ስወጣ የመጨረሻው ወንበር ላይ አባቴን አየሁት። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ። በዚያ አቧራ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ከቢቸና ብቻውን በመኪና መጥቶ። በሩ ላይ ጠብቆኝ ክንዴን ያዘና በገበያው መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ እስከ ቤቴ ድረስ አብሮኝ ሄደ። 

ሹፌሩ ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሚስቱ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ምራቋን ትተፋ ነበር፤ አልፈርድባትም። የሟቹ ወንድምም ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። የሟቹ ሚስት ብቻ አንድ ቀን ገበያ መሐል እጄን ያዘችና «ሲሞት ራሱ ጭንሽ ላይ ነበር አሉ» አለችኝ። «አዎን» አልኳት። «ብቻውን አልነበረም እንግዲህ» ብላ ሄደች። ለእኔ የተረፈኝ ምስጋና ይህ ነው፤ በቂዬም ነበር።

የጽዋው ተራ ቤቴ ሲደርስ እንደ ደንቡ ጠላ ጠመቅሁ፣ ድፎውን ጋገርኩ፣ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፍኩ። ባሌ «አይመጡም፤ አትልፊ» ብሎኝ ነበር። እሱ ራሱ እስከዚያ ወር ድረስ ከማኅበሩ አልቀረም፤ እየሄደ ይጠጣል፣ ሲመለስ ሁለታችንም አንነጋገርም። ረፋዱ ሆነ፣ ቀትር ሆነ፤ ማንም አልመጣም። የንስሐ አባታችንም አልመጡ። አሥራ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ እግር እንኳ።

ልጆቼ ድፎውን እያዩ «እማዬ፣ እንግዶቹስ?» አሉኝ።

«እንግዶቹ ሌላ ቦታ ናቸው» አልኩና ድፎውን በመሶብ አድርጌ፣ ነጠላዬን ለብሼ ተነሣሁ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ግን በሰፈራችን በእያንዳንዱ መስኮት በስተጀርባ ሰው እንደሚያየኝ አውቅ ነበርና አላለቀስኩም። ባሌ ለአፍታ ቆሞ አየኝ። ከዚያ የጠላውን እንስራ ትከሻው ላይ አደረገና ቀድሞኝ ወጣ። በሙሴው ደጅ፣ በሹፌሩ ሚስት ደጅ፣ በሽማግሌዎቹ ደጅ አልፈን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጡት ነዳያን ሰጠን። አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ጽዋውን ባረኩልን። እንደዚያ ዓይነት ማኅበር ከዚያ በፊትም በኋላም ጠጥቼ አላውቅም። ባሌም ከዚያ ቀን በኋላ ወደ እነሱ አልተመለሰም።

ከቤተ ክርስቲያን ግን አልቀረሁም። ይህን የሚጠብቁ ነበሩ፤ አፍራ ትቀራለች፣ ወይም ከተማውን ትለቃለች ብለው። ዘወትር እሑድ በሴቶች በኩል ከፊት ቆሜ አስቀደስኩ። ዝውውር ብጠይቅ ይሰጠኝ ነበር፤ አልጠየቅሁም።

ሹፌሩ ሲፈታ መናኸሪያ አጠገብ ተገናኘን። ጸጉሩ ሸብቷል። ሰላምታ ሳይሰጠኝ «ተኝቼ ነበር ብትዪ ምን ነበረበት?» አለኝ።

«አልተኛሁም ነበራ» አልኩት።

«ጠጥቶ ነበር እንድትዪ ለምነውሽ እንቢ ማለትሽን እስር ቤት ሰማሁ» አለ።  ከዚያ በኋላ ስንተላለፍ አንገቱን ዝቅ ያደርግልኛል። ታርቀናል አልልም። ሁለታችንም ግን የምናውቀው አንድ ነገር አለ፤ በላዩ አልዋሸሁም።

ዓመታት አልፈው፣ መንገዱም ሲሻሻል፣ ልጆቼም ሲያድጉ፣ አዲስ የተመረጡት የማኅበሩ ሙሴ ከንስሐ አባታችን ጋር ቤቴ መጡ። ከድሮዎቹ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ አርፈዋል። ቡና አላቀረብኩም፣ ውኃ ግን ሰጠኋቸው።

«ወደ ማኅበርሽ ተመለሽ» አሉኝ የንስሐ አባታችን። አርጅተው ነበር፤ እጃቸው መስቀሉን መያዝ ያቅተዋል። «ነገሩ ሁሉ እንዲረሳ አንድ ቀን ማኅበርተኛውን ይቅርታ ጠይቂና ይብቃ።»

«እጠይቃለሁ አባታችን» አልኳቸው። «የበደልኩትን ይንገሩኝና አሁኑኑ እጠይቃለሁ።»

  ውኃቸውን ጠጡ፣ ብርጭቆዎቹን መለሱልኝ፣ አመስግነው ወጡ። በሬን ከፍቼ ሸኘኋቸው።

በደሌን እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።